ዳይሬክት አይደረግም

ሐይቃችን፣ የሐዋሳ ሐይቅ፣ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ከቸለለቃ ረግረግ በኩል ይመጣና ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ ይዞት የሚወጣ ወንዝ በምድር ላይ አታገኙም። ውኃውን ፀሐይ ትወስደዋለች። አብሮ የገባውን ጨው፣ ቀለምና ሳሙና ግን ፀሐይ አትሸከመውም፤ እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳችሁ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ የበላችሁ ሁሉ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታልና ጠጋ በሉ፤ ጨዋታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 6 ቀን ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሲሲኢሲሲ የሚባለው የቻይና ኩባንያ በ9 ወር ገደማ ገንብቶ አስረከበው፤ ከተማው ጉድ አለ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሼዶቹ ብዛትና ስለሚቀጠረው ወጣት ነበር። 60 ሺህ ሰው ሥራ ያገኛል ተባለ፤ ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም፣ ከበንሳ ልጃገረዶች ሻንጣቸውን ይዘው መጡ፤ የቤት ኪራይ ሽቅብ ወጣ። እኔ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምኖር፣ በፋብሪካ ማሽኖች ቁጥጥር ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝና ዓይኔ የሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው።

ጨርቅ ውኃ ይጠጣል። ሲቀለም ይጠጣል፣ ሲታጠብ ይጠጣል፣ ከዚያ የጠጣውን ከነቀለሙ መልሶ ይተፋዋል። መውጫ የሌለው ሐይቅ አጠገብ ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ፓርኩ አንድ ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ ተሠራለት። የሠራው አርቪንድ ኤንቪሶል የተባለ የሕንድ ኩባንያ ነው፤ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲያጣራ ሆኖ የታቀደ ነው።

እንዲህ ያለ ማጣሪያ ውስጥ ፍሳሹ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉኝ። መጀመሪያ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የጠዋቱ ሰማያዊና የማታው ቀይ እዚያ ይቀላቀላሉ። የማቅለሚያ ቤት ውኃ እንደ አመድ ውኃ የሚያቃጥል ነው፤ አሲድ እየተጨመረለት ይለዝባል። ከዚያ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ያሉበት ገንዳ ይቀበለዋል። ነፍሳቱ ቆሻሻውን የሚበሉት አየር ካገኙ ነው፤ አየሩን የሚነፉላቸው ትልልቅ ሞተሮች ናቸው። ቀጥሎ ውኃው በከፍተኛ ግፊት በቀጫጭን ወንፊቶች ውስጥ ይገፋል፤ ንጹሑ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። የቀረው ጨዋማ ውኃ ፈልቶ ፈልቶ ጨው ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ማን ይጠብቀዋል? ሰውማ በየገንዳው አፍ ቆሞ አያድርም። የሚጠብቀው ሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩን የሚሰማው ፒኤልሲ የሚባል የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ነው፤ ፒኤልሲውን ምን መስማት እንዳለበትና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጽፍለት ደግሞ የእኔ ቢጤ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ፤ የሙያው እምብርት ያለው እዚህ ነው። ሴንሰሩ የሚያየውን ነገር በሽቦ ውስጥ በሚሄድ ጅረት መጠን ይናገራል። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን 20 ሚሊአምፒር ይልካል። ባዶ ሲሆንስ? ዜሮ ትሉ ይሆናል። አይደለም፣ 4 ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን ይህን ሲነግረን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ነገሩ ትርፍ ጣጣ መስሎን ነበር። አሁን ግን አይጥ ሽቦውን ቆረጠችው እንበል። ጅረቱ ዜሮ ይሆናል። ባዶ ማለት ዜሮ ቢሆን ኖሮ የተቆረጠ ሽቦና ባዶ ታንከር አንድ ዓይነት ወሬ ያወሩ ነበር፤ ፓምፑ ባዶ ነው ብሎ ይሞላል፣ ይሞላል፣ ፍሳሹ አፋፍ አልፎ መሬት ላይ ይሄዳል። 4 ባዶ በመሆኑ ግን ዜሮ ሌላ ትርጉም አገኘ፤ ሽቦው ራሱ «እኔ ተበጥሻለሁ፣ አትመኑኝ» ይላል። ይህን ያሰቡ ሰዎች ጭንቅላታቸው ይባረክ።

ብልሽት ሲመጣ ጉዳት እንዳይከተል አስቀድሞ የማሰብ ይህ ዘዴ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው። የማሽን ማስነሻ ቁልፍ ታውቃላችሁ፣ አረንጓዴው። ስትጫኑት ኮንታክተር የሚባለው ትልቅ ማብሪያ ይዘጋል፤ ጣታችሁን ስታነሱ ደግሞ ኮንታክተሩ በራሱ ጥርስ ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲሄድ ይለቃል። መብራት ሲመጣስ? ማሽኑ በራሱ አይነሳም፤ ሰው መጥቶ እስኪጫነው ይጠብቃል። መብራት በጠፋበት ሰዓት አንድ ልጅ የተጠላለፈ ክር ሊያወጣ እጁን ሮለር መሃል አስገብቶ ይሆናል። ማሽኑ መብራት በመጣ ቁጥር ዘሎ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ የስንቱ እጅ በቀረ! እኛ አገር መብራት እንደሚመላለስ ሁሉም ያውቃል። ብልጭ ብሎ፣ ሰከንድ ሳይሞላ ተመልሶ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ያቺ ብልጭታ ኮንታክተሮቹን ሁሉ ታስለቅቃለች፤ ከዚያ እያንዳንዱን ማሽን ፈትሾ፣ የተበጠሰውን ክር ቀጥሎ፣ በየተራ ማስነሳት ነው። አለቆች «መብራቱ ወዲያው መጣ እኮ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላሉ። የምንጠብቀው ያንን ልጅ ነው።

ድሮ ይህ ሁሉ ትእዛዝ የሚቀመጠው በሪሌይ፣ በኮንታክተሩ ታናሽ ወንድም፣ ነበር። ግድግዳ ሙሉ ሪሌይ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል። የማሽኑን ሥራ መለወጥ ማለት ሽቦውን ፈትቶ እንደገና ማሰር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጀነራል ሞተርስ አዲስ ዓይነት መኪና ባወጣ ቁጥር ያንን ሽቦ ሲፈታና ሲያስር ሰለቸውና በ1968 እ.ኤ.አ. የሚተካው ነገር ፈለገ። ሪቻርድ ሞርሊ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ሞዲኮን 084 ተብሎ ወጣ። 084 የተባለው የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ ስለሆነ ነው። የዛሬዎቹ ፒኤልሲዎች ሁሉ አባት እሱ ነው።

እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ለአዲሱ መሣሪያ ቋንቋ ሲሰጡት የኮምፒውተር ሊቅ ብቻ የሚያነበው አላደረጉትም። የሪሌይ ሥዕል በሚመስል መሰላል ጻፉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሌሊት ተጠርቶ የሚመጣው፣ ካቻቪቴ በኪሱ የያዘው ኤሌክትሪሻን እንዲያነበው ነው። ማሽኑ ለምን እንደቆመ እሱ ማወቅ አለበት ብለው አመኑ።

እንግዲህ እኛ አገር ምን ሆነ? ማሽኑ በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፣ በመኪና ሐዋሳ ይገባል፣ የአምራቹ ሰዎች ከውጭ መጥተው ተክለው፣ አስነስተው፣ እጅ ጨብጠው ይሄዳሉ። ፓኔሉን ስትከፍቱት ሥዕሉ የለም፤ ቢኖርም በማናነበው ቋንቋ ነው። ላፕቶፕ አገናኝታችሁ ፕሮግራሙን ልታዩ ስትሉ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ኤሌክትሪሻን እንዲያነበው ተብሎ የተፈጠረው መሰላል ተቆልፎበታል። ባለቤቱ ግን ሙሉ ዋጋውን ከፍሏል! ይህ እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል። ማሽን የገዛ ሰው የማሽኑን ሐሳብ አብሮ ካልገዛ ግማሹን ብቻ ነው የገዛው፤ በውሉ ላይ «ፕሮግራሙን ከነማብራሪያው፣ ሥዕሉን ከነሽቦ ቁጥሩ» የሚል መስመር ለማስገባት ደግሞ ቀለምና ወረቀት እንጂ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ አንድ ሌሊት ልውሰዳችሁ።

ፋብሪካውን አልጠራውም። ማሽኑ ስቴንተር ነው። ስቴንተር ያላያችሁ እንደሆነ፣ ርዝመቱ የቤት ርዝመት ሳይሆን የጎዳና ነው። እርጥብ ጨርቅ በአንድ በኩል ይገባል፤ ግራና ቀኝ መርፌ የተተከለባቸው ሁለት ሰንሰለቶች ዳርና ዳሩን ወግተው፣ ወጥረው ይጎትቱታል። መሃል ላይ ከ150 ዲግሪ በላይ የጋሉ ክፍሎች አሉ። በዚያኛው ጫፍ ደርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ የሚወዛወዝ ክንድ ጋሪ ላይ እያጣጠፈ ይከምረዋል። በማሽኑ ዙሪያ ሰባት ቀይ የአደጋ ጊዜ ቁልፎች አሉ። ሰባት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደቆሙ አስቡት፤ የአንዱ እጅ ከተላቀቀ የእጃቸው ሰንሰለት ይበጠሳል፣ ማሽኑ ይቆማል። ማንም ይጫነው ማን፣ ወይም ሽቦው በራሱ ይበጠስ፣ ውጤቱ አንድ ነው፦ መቆም።

በዚያ ሌሊት ስቴንተሩ መቆም አመጣ። ስክሪኑ «የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ተጭኗል» ይላል፤ የተጫነ ቁልፍ ግን የለም። ሪሴት ሲደረግ ይነሳል፣ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይቆማል። በቆመ ቁጥር በጋለው ክፍል ውስጥ የቀረው ጨርቅ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ የሆነ ጨርቅ ደግሞ ገዢ የለውም። የሽፍቱ ኃላፊ ላብ አጠመቀው። በማግስቱ ኮንቴይነር ላይ መጫን ያለበት ትእዛዝ ነበር።

«ኢንጅነር፣» አለኝ፣ «በእግዚአብሔር፣ ዳይሬክት አርገውና ይሂድ። ለዛሬ ሌሊት ብቻ።»

ዳይሬክት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገር። አንዲት አጭር ሽቦ ናት። ከዚህኛው መግቢያ ወደዚያኛው ትታሰራለች፤ ከዚያ በኋላ ፒኤልሲው ሰባቱም ሰዎች እጃቸውን ተያይዘው የቆሙ ይመስለዋል። ይሄዳል። ማሽኑ ይሄዳል፣ ትእዛዙ ይጫናል፣ ኃላፊው ይመሰገናል። ሰባቱ ቀይ ቁልፎች ግን ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። መርፌው ሰንሰለት የአንዷን ልጅ ሻርፕ ቢይዝ፣ ጓደኛዋ ሮጣ ብትደርስና ቁልፉን በቡጢ ብትመታው ማሽኑ አይሰማትም።

ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። ስንት ፓኔል ከፍቼ፣ ማን እንዳሰራት የማይታወቅ፣ አቧራ የለበሰች «ለዛሬ ብቻ» አግኝቻለሁ። ያሰራት ሰው ሥራ ቀይሯል፤ ያዘዘው ኃላፊ አገር ለቋል፤ እሷ ግን አለች።

«አለቃ፣ አይሆንም፤» አልኩት። «ሰዓት ስጠኝ።»

ተቆጣ፤ አልፈርድበትም፣ እሱንም የሚጠይቀው አለ። ቴስተሬን ይዤ ተንበረከክሁ። 24 ቮልት ከሰባቱ የትኛው ጋ እንደሚቀር መፈለግ ነው ሥራው፤ መሃሉን ትለካለህ፣ ካለ ወደ ፊት ትሄዳለህ፣ ከሌለ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ችግሩ፣ እኔ ስለካ ሁሉም ደህና ነው። ሰባቱም ይመልሳሉ። ማሽኑ ሲነሳ ነው የሚጠፋው።

ያኔ በመውጫው ጫፍ የምትሠራዋ ኦፕሬተር፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ፈራ ተባ እያለች መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ እህቴ፣ ምን አለ?»

«ሁልጊዜ እኮ አይደለም የሚቆመው። ስሱ ጨርቅ ሲሆን ደህና ነው የሚሄደው። ወፍራሙ ሲመጣ ነው።»

ኃላፊው «የጨርቅ ውፍረትና ኤሌክትሪክ ምን አገናኘው?» አላት። እኔ ግን ተነስቼ የእሷን ቦታ ሄጄ ቆምሁ። ወፍራሙ ጨርቅ ሲወጣ የሚያጣጥፈው ክንድ ክብደት ይዞ ይወዛወዛል፤ ክንዱ የተሰቀለበት ምሰሶም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሰባተኛው ቀይ ቁልፍ ደግሞ እዚያው ምሰሶ ላይ ነው። የቁልፉን ክዳን በካቻቪቴ ከፈትሁ። ሽቦው በቦታው አለ፤ ለዓይን ምንም የጎደለው የለም። የቴስተሩን ጫፎች አስገብቼ ምሰሶውን በእጄ ነቀነቅሁት። 24፣ ዜሮ፣ 24፣ ዜሮ። ሽቦውን የያዘው ብሎን ከንቅንቅታው ብዛት ላልቶ ኖሯል።

ጫፉን ቆርጬ፣ አዲስ ጫፍ አውጥቼ፣ አጠበቅሁት። ኃላፊው እንኳ ሳይወድ ሳቀ። ወፍራሙ ጨርቅ ሌሊቱን ሙሉ ሄደ። እኔ ለኃላፊው በጽሑፍ ያስገባሁት ሪፖርት ላይ ችግሩን ያገኘችው ኦፕሬተሯ መሆኗን ከነሥራ መደቧ ጻፍሁ፤ እውነቱ ያ ነውና። ማሽኑን በቀን 8 ሰዓት የምታየው እሷ ናት፤ እኔ ሲታመም ብቻ ነው የምመጣው።

ወገኖቼ፣ ክፉው ዘመንም መጣ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የፓርኩ ዋና ተከራይ የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል አወጣች፤ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ሸሚዝና ሱሪ ቀረጥ ተጫነበት። የሰሜኑ ጦርነትና ፖለቲካው ያመጡትን ዕዳ ልብስ ሰፊዋ ልጅ ከፈለችው። ብዙ ልጆች ሻንጣቸውን መልሰው አነሱ፤ ማለዳ ለሰርቪስ የሚቆመው ሰልፍ አጠረ።

ሥራ ስላጡት ልጆች ሰው ሁሉ ተናገረ፤ መናገርም ይገባል። ስለ ቆመ ማሽን ግን የሚናገር አልነበረምና እኔ ልናገር። የትም አገር ይሁን፣ ፋብሪካ ሲዘጋ ዋናው ብሬከር ወደ ታች ይደረጋል። አሮጌ ፒኤልሲዎች ፕሮግራማቸውን የሚይዙት በትንሽ ባትሪ ነው። መብራት እያለ ባትሪው አርፎ ይተኛል፤ መብራት ሲቋረጥ እሱ ብቻውን ይሸከማል። ባትሪው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ይጠፋል። ብረቱ አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ሴንሰሩ አለ፤ ማሽኑ ግን ምን መሥራት እንዳለበት ረስቷል። ቅጂ የያዘ ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ከሌለና ፕሮግራሙ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከነበረ፣ ያ ማሽን ለቆራሌው ነው። ስለዚህ በእኛ ሙያ ሰው ከሥራ ሲሰናበት የመጨረሻ ግዴታው ቅጂውን ማስቀመጥ ነው። እኔ የማውቃቸው ልጆች ደመወዛቸው ከተቋረጠ በኋላ እንኳ በገዛ ገንዘባቸው ባትሪ ገዝተው የቀየሩ አሉ። ማሽኑ አንድ ቀን ተነስቶ ሰው ይቀጥራል ብለው ነው።

ለአፍታ ወደ ፍሳሹ ልመለስ፤ ያልጨረስሁት ነገር አለ። የ4 እና የ20ው ዘዴ ሽቦው መበጠሱን ይነግራል ብዬ አመስግኜዋለሁ። የማይነግረው ግን አለ። የአሲዱን መጠን በፒኤች ቁጥር የሚለካው የብርጭቆ ሴንሰር ቀለምና ስብ ሲለብስ ሽቦው ደህና ነው፣ ጅረቱ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ላይ 7፣ ማለትም ለዝቧል፣ የሚል ቆንጆ ቁጥር ይታያል። ውኃው ግን 7 አይደለም። እዚህ ጋ ሰው ያስፈልጋል፤ ሴንሰሩን የሚያወጣ፣ የሚያጥብ፣ ልኩ በታወቀ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ «አንተ፣ ይሄ 4 ነው፣ ይሄ 7 ነው» ብሎ የሚያስታውሰው። በየሳምንቱ የሚሠራ፣ እጅ የሚያቆሽሽ፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ሐይቁን የሚጠብቀው ግን ይኸው ነው።

እጅ የሚያቆሽሸውን ሥራ እንዲለምዱት ብዬ፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ስቀበል የማስጀምራቸው በላፕቶፕ አይደለም። ፓኔል ከፍተው፣ እያንዳንዱን ሽቦ ተከትለው፣ ቁጥር ሰጥተው ሥዕሉን በእጃቸው እንዲሥሉት አደርጋለሁ። አንዳንዱ ያኮርፋል፤ አራት ዓመት ተምሬ ሽቦ ልቆጥር ነው ወይ ይላል። ባለፈው የመጣችዋ ግን ዝም ብላ ሠራች። ከዚያ ሥዕሉን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ቢጫ ሽቦ ቁጥር የላትም። የትኛውም ሥዕል ላይ የለችም» አለችኝ።

«ተከተያት» አልኋት።

ተከተለቻት። የማድረቂያውን ክፍል በር የሚጠብቀውን ቁልፍ ዳይሬክት ያደረገች ነበረች። በሩ ተከፍቶም ማራገቢያው ይዞራል ማለት ነው። ሽቦዋን አወጣናት፤ በሩ ሲከፈት ማሽኑ ቆመ። ኦፕሬተሮቹ ግን አልወደዱትም። ለምን እንደሆነ ተማሪዋ ሄዳ ጠየቀቻቸው። ጨርቁ ውስጥ ሲታጠፍ በሩን ገርበብ አድርገው ካላዩት አይታወቅም፤ ሳይታይ ካለፈ ሙሉ ጥቅሉ ይበላሻል፤ የሚቀጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ድሮ አንድ ሰው ያቺን ቢጫ ሽቦ ያሰረላቸው። በሩ ላይ ሙቀት የሚችል መስታወትና ከውስጥ መብራት እንዲገባ ጥያቄ ጽፈን አስገብተናል፤ ልኩን የወሰደችው እሷ ናት። እስኪገጠም ድረስ ጨርቁ ሲታጠፍ አቁመው፣ ከፍተው፣ አስተካክለው ያስነሳሉ። የሚባክነውን ደቂቃ ደግሞ በየሽፍቱ እየመዘገቡ ነው፤ መዝገቡን ከጥያቄው ጋር አያይዘን ለግዥ ክፍል ልከነዋል።